የእትዬ አስካለ ወንበር

1.
«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም።»

አስካለን በዚህ ተረት ሃያ ዓመት ገርፈዋታል። ልብስ ፋብሪካ ሳለች፣ ኮሌታ ብቻ ስፊ ተብላ እጅጌ ስትተክል የተያዘች ቀን አለቃዋ ተረተባት። ባሏም ተረተ። አሁን ደግሞ በሃምሳ ዓመቷ፣ በዕድሜ ልጇ የሚሆን ዮናታን።

2.
የዮናታን ድርጅት አራት ሰው ነው። ሱፍ በስልክ የሚታዘዝበት መተግበሪያ ይሠራሉ።

ናሆም፦ ለዓይን የሚታየውን ገጽ።
ረድኤት፦ ከጀርባ ያለውን የመረጃ ቋት።
ዮናታን፦ አለቃ።
አስካለ፦ ልብስ ሰፊ ትመዘግባለች፣ ስልክ ታነሳለች፣ የተናደደ ታበርዳለች፣ አዲስ ነገር ሲሠራ ቀድማ ትሞክራለች፣

(እዚህ ያቆምኩት ወረቀት ስላነሰኝ ነው።)

3.
«እትዬ፣ አይቀየሙኝ» አለ ዮናታን። «ከሰኞ ጀምሮ አንድ ወንበር፣ አንድ ሙያ። በእርስዎ ቦታ የተማረ ባለሙያ እቀጥራለሁ።»

«እኔስ?»

ዮናታን ላፕቶፑን ከፈተ።

4.
ሐሙስ። ከመርካቶ ልብስ ሰፊው ጋሽ ሙዘይን ደወሉ። ለእሁድ ሠርግ የስድስት ሚዜ ሱፍ ይዘዋል።

ሙዘይን፦ አስካለ፣ ትእዛዙ ወገብ ሰማንያ ኢንች ይላል። ሚዜ ነው ወይስ ድንኳን?
አስካለ፦ መቀሱን ያስቀምጡ ጋሼ።
ሙዘይን፦ ስድስቱም ድንኳን ናቸው እኮ።

5.
ናሆም፦ በኔ በኩል ልክ ነው።
ረድኤት፦ በኔም በኩል።
ናሆም፦ እንግዲያው ስህተቱ ያንቺ ነው።
ረድኤት፦ ያንተ ነው።

(ይህን አርባ ደቂቃ ደጋግማችሁ አንብቡት።)

6.
አስካለ የልብስ ሰፊ ሜትሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋችው። ሴንቲሜትር።

ገለበጠችው።

ኢንች።

«አንተ በዚህ ትጠይቃለህ፣ አንቺ በዚያ ትጽፊያለሽ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ያበደው ሱሪው ነው።»

ረድኤት እየሳቀች ስህተቱን በሁለት ደቂቃ ነቀለችው። አስካለ መቶ ዓመት ብትቀመጥ ያንን አትችልም። ይህም ይጻፍ።

7.
ሚዜዎቹ እሁድ በልካቸው ጨፈሩ።

8.
«ወንበሩ የእርስዎ ነው» አለ ዮናታን ደውሎ።

«አንዱን ወንበር ምን ላድርገው?» አለችና ዘጋችው።

ፈቃድ አልጠበቀችም። ሰኞ ማለዳ ከሁሉ ቀድማ ገብታ የአራቱንም ወንበር አዘዋወረችው። ግድግዳው ላይ ለጠፈች፦ «ሰኞ ሰኞ፣ እስከ ምሳ፣ ሁሉም በሌላው ቦታ።»

9.
ሦስት ሰዓት ከሩብ። ረድኤት የዮናታንን ወገብ እየለካች ነው፤ እሱ ሆዱን ስቧል። አስካለ የናሆም ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጣ «ይሄስ ምን ያደርጋል?» እያለች የልቧን ትጠይቃለች። ስልኩ ጠራ። በአስካለ ወንበር የተቀመጠው ናሆም ግራ ቀኝ አየ። ማንም ቀና አላለለትም። አነሳው።

ደንበኛ፦ ሠርጌ ቅዳሜ ነው፣ ኮቱ አልቆለፍ አለኝ። ይሄ የማን ሥራ ነው?

ናሆም፦ የኔ።