ዘይት የነካው መታወቂያ

ከቴምፔው፣ ከአኩሪ አተሩ ጥብስ ስር አንዲት ሴት አፍጥጣ አየችኝ። ቁራጩን አነሳሁት፤ የተጠቀለለበት ወረቀት የመታወቂያ ኮፒ ነው። ጉርድ ፎቶ፣ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ያ ረጅም የመታወቂያ ቁጥር፣ ሁሉም ዘይት ጠጥቶ ቁጭ ብሏል። ሴትዮዋ ሪያንቲ ትባላለች፤ ዎኖጊሪ የሚባለው ከተማ ሰው ናት። በሕይወቴ አይቻት አላውቅም። ከታች የተመታውን ማኅተም ሳይ ግን መብላቴን ተውኩ። አምና የተዘጋው የቁጠባ ማኅበራችን ማኅተም ነበር።

የሰፈራችን ሰው በሙሉ የዚያ ማኅበር አባል ነበር። የልጄ የዌኒንግ የመታወቂያ ኮፒም እዚያው ገብቷል። ኃላፊዎቹ ማኅበሩን ሲዘጉ ወረቀቱን በኪሎ ሸጠውት ሄደዋል ማለት ነው። አቤት ድፍረት!

ዌኒንግ በሚቀጥለው ወር በነርስነት ሥራ ትጀምራለች። ጓደኛዋ ላይ የደረሰውን ደግሞ አይተናል። የማታውቀው ሰው በመታወቂያዋ ኮፒ በስልክ መተግበሪያ ከሚያበድሩት ተበደረ፤ አበዳሪዎቹ አለቃዋ ድረስ እየደወሉ ስሟን አጠፉ፤ ልጅቷ ከሥራዋ ወጣች። በልጄ እንዲህ ሲደረግ ቁጭ ብዬ አላይም። ቴምፔዬን ከነወረቀቱ ይዤ ወጣሁ።

ቴምፔውን የሸጡልኝ እትዬ ጊነም ከመስጊዱ ጎን ጋሪያቸውን አቁመው ሙዝ ይጠብሳሉ።

"እትዬ ጊነም፣ ይሄን ወረቀት ከየት አመጡት?"

"ደግሞ ዛሬ ምን ሆንሽ? ጨው በዛ?"

"የምን ጨው! የሰው መታወቂያ ነው እኮ!"

"ታዲያ አልነከሰሽ። በኪሎ ነው የገዛሁት።"

"እትዬ፣ በዚህ እኮ ሌባ የሰው ስም ለብሶ ይበደራል። የልጄም እዚህ ውስጥ አለ!"

ድምፄ ሳላስበው ከፍ አለ። ወረፋ የያዙትም፣ ቆመው የሚበሉትም መጠቅለያቸውን ገልጠው ማየት ጀመሩ። አንድ የሪክሾ ነጂ "እኔ የደረሰኝ ጢማም ነው፤ የሚቀይረኝ አለ?" ሲል ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን የምስቅበት አንጀት አልነበረኝም።

እትዬ ጊነም መጥበሻቸውን አወረዱና ትክ ብለው አዩኝ።

"የዌኒንግማ አልወጣም" አሉ።

"በምን አወቁ?"

ከጋሪው መሳቢያ በላስቲክ የታሰረ ወረቀት አወጡ። ስፈታው የሰፈራችን ሰው በሙሉ ነው። ዌኒንግ፣ እኔ፣ የመስጊዱ ዘበኛ፣ ፀጉር አስተካካዩ። ጠብታ ዘይት አልነካቸውም።

"የማውቀው ሰው ፊት ላይ ትኩስ ጥብስ ማስቀመጥ አልሆንልኝ አለ" አሉ። "እየመረጥኩ አወጣለሁ። የማላውቀውን ያው እጠቀልልበታለሁ።"

ደስታዬን መቻል አቃተኝ፤ አቅፌ ጉንጫቸውን ሳምኳቸው። የዌኒንግን ወረቀት በእጄ ከምድጃው ከተትኩና አመድ እስኪሆን ቆሜ አየሁት። ከዚያ እጄ ላይ የቀረችውን ሪያንቲን አየሁ።

"እትዬ፣ ይቺንም እኮ ዎኖጊሪ ላይ የሚያውቃት ሰው አለ።"

 ጎንበስ አሉና ያልተሸጠውን ክምር ከጋሪው ስር ጎትተው አወጡ።

"በምን ልጠቅልል ታዲያ?"

"በሙዝ ቅጠል።"

"ቅጠል ውድ ነው። ዋጋ ስጨምር መጀመሪያ የምትጮኺው ደግሞ አንቺ ነሽ።"

"እጮሃለሁ። ጮኼ ግን እከፍላለሁ።"

እየሳቁ ወረቀቱን ምድጃው ውስጥ መማገድ ጀመሩ። ሰዎቹም መጠቅለያቸውን አመጡ፤ ሪክሾ ነጂው ጢማሙን "ደህና ሁን ወንድሜ" ብሎ ሸኘው። ሪያንቲም ሄደች። ክምሩም ጥቅሉም ሲያልቅ አንዲት ወረቀት እትዬ ጊነም እጅ ላይ ቀረች። ደረታቸው ላይ ለጥፈዋታል።

"እሷንም ይስጡኝ፣ እትዬ።"

"ይቺን አልሰጥም።"

የሟች ባለቤታቸው የጋሽ ሰንቶት መታወቂያ ነበር።

"ቤት የነበረውን ፎቶ በሙሉ ጎርፍ ወሰደው" አሉ። "ከክምሩ መጀመሪያ ያገኘሁት እሱን ነው። ሌላውንም ፊት ማየት የጀመርኩት ከሱ ወዲህ ነው።"

 ግን ዝም ማለት አልቻልኩም፤ የሞተ ሰው ስምም ይሰረቃል፤ እንዲያውም እኔ አይደለሁም ብሎ የሚጮህ ስለሌለ ለሌባ ይመቻል። ይህንኑ ነገርኳቸው።

"በጋሽ ሰንቶት ስም ሌባ ሲበደር ያስችልዎታል?"

"አያስችለኝም። ፊቱን ግን አላቃጥልም።"

በሙዝ ልጣጭና በቃሪያ ዘለላ መካከል መቀሳቸው ተቀምጧል። አነሳሁትና እጄን ዘረጋሁ። ብዙ አመነቱ፤ በኋላ ሰጡኝ። በፎቶው ዙሪያ ቀስ እያልኩ ቆረጥኩ። ስሙን፣ ቁጥሩን፣ የትውልድ ቀኑን እሳት ውስጥ ጣልኩት። ፊቱን መለስኩላቸው።

እትዬ ጊነም እጃቸውን በሽርጣቸው ደጋግመው ጠርገው ተቀበሉኝ።

"አሁን የኔ ብቻ ሆንክ" አሉት።