ከአርባ በታች

ነፋሱ ከቆመ አምስተኛ ቀኑ ነበር። ከነፋስ ተርባይኖቹ ወደ ከተማችን የሚመጣው የኤሌክትሪክ መስመር ደካማ ስለሆነ፣ ነፋሱ ሲበረታ የሚያመነጩትን ሁሉ አይችልም። በሚተርፈው ኃይል ከውሃ ሃይድሮጅን እናወጣለን፤ ነፋስ ሲጠፋ ጋዙን ከታንከሩ እየቀነስን መልሰን መብራት እናደርገዋለን። የጋዙ ግፊት ከአርባ በታች ከወረደ ግን የቀረው ለጤና ጣቢያው ብቻ ነው። የስልክ ማማው ይቋረጣል።

እሁድ ስምንት ሰዓት ላይ መለኪያው አርባ አንድ አለ።

የምወደው ሰው የሚደውልልኝ እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ነው። መርከብ ላይ ስለሚሠራ ስልክ የሚያገኘው በሳምንት አንዴ ነው። ባለፈው እሁድ ውሉ ማለቁን ነገረኝ፤ ካልመጣ በዚህኛው እሁድ ማግስት ለተጨማሪ ሁለት ዓመት ይፈርማል። ልምጣ ወይስ ልቅር ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ስለ አየሩ አወራሁለት። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ፣ ቧንቧ ስፈትሽም ደረጃ ስወጣም፣ "ና" ማለትን ስለማመድ ሰነበትኩ።

አብሮኝ የሚሠራው ጋሼ ነገሩ ገብቶታል። ይህን ነፋስ የመሰለ ኩሩ አማች አይቶ እንደማያውቅ እየነገረኝ ሲስቅብኝ ዋለ።

ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ግፊቱ ሠላሳ ዘጠኝ ገባ። ጋሼ ወደ እኔ ሳያይ የመለኪያውን መስታወት በጨርቅ ወለወለ።

"ይሄ ነገር አርጅቷል ልጄ" አለ። "አንድ ሁለት ቢሳሳት አይፈረድበትም።"

ባለፈው ወር ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። ጤና ጣቢያው ውስጥ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ የምታምጥ ሴት አለች።

"አልተሳሳተም ጋሼ" አልኩና የማማውን ማብሪያ አወረድኩት።

ማክሰኞ ጠዋት ነፋሱ ተመለሰ። ማማውን እንዳበራነው እሁድ የተላከ መልእክት ገባልኝ። "የጠፋው ኔትወርኩ ነው ወይስ አንቺ? ካልሰማሁሽ ነገ እፈርማለሁ።"

ሃይድሮጅን የሚያወጣው ማሽን ቆሞ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሰጠው ጋዝ ንጹህ ስላልሆነ ሩብ ሰዓት ወደ ሰማይ እንለቀዋለን። ቫልቩ አጠገብ ቆሜ "ና" ብዬ ጻፍኩና ላክሁት። እስከ እሁድ አያየውም። ጋሼ መጥቶ ሴትየዋ በሰላም መገላገሏን ነገረኝ። ሩብ ሰዓቱ ሲሞላ ቫልቩን ዘግቼ ጋዙን ወደ ታንከሩ አዞርኩት። መለኪያው ከሠላሳ ሁለት ቀስ እያለ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ።