ያልታገለው በር

መምህርቷ እንደ ወትሮው ትከሻዋን ሰጥታ በሩን ገፋችው። በሩ ግን አልታገላትም። ወለል ብሎ ተከፈተና የእጣቢ ሳፋውን እንደያዘች ደጃፉ ላይ ልትደፋ ምንም አልቀራት። ውሃው ጫማዋ ላይ ተገለበጠ።

"በሩን ልገኸው ነበር እንዴ?" አለች ወደ ውስጥ ዞራ።

"እኔ? መላጊያዬን ካነሳሁ ሰንብቻለሁ" አለ አናጺው ባሏ። ሸሚዙን እየቆለፈ መጣና በሩን በአንድ ጣቱ ከፈተው፣ ዘጋው። "ተመስገን! በስተርጅና እጁን ሰጠ" ብሎ ሳቀ።

ይህ በር የቤቱ ነገረኛ ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር መቃኑን ነክሶ አልከፈት ይላል። አናጺውም "እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ነው" ይልና ጠርዙን ይልገዋል፤ በዓመቱ በሩ ተመልሶ ይነክሳል። የጎረቤቶቹንም በር ሲልግ የኖረው እሱ ነው። ከዳገቱ ሥር የተደረደሩት ቤቶች በር ሁሉ በአንድ ጎን ብቻ ለምን ውሃ እንደሚጠጣ የጠየቀ ግን አልነበረም። ሙያ ያለው ሰው አጠገብህ ሲኖር ችግሩ ይቃለላል እንጂ ምክንያቱ አይጠየቅም።

ትናንት ዳገቱን ሊያይ የመጣው መሐንዲስ ነው ነገሩን የገለጠው። የተሰነጠቀውን መሬት አየ፣ የያንዳንዱን ቤት በር ከፍቶ ዘጋ፣ ከዚያም "ገና ክሪፕ ነው፤ ስላይድ አይደለም። ለውጥ ካያችሁ ግን አትጠብቁ" ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። ሰው ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ መምህርቷ ዞረ። እሷም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አላት።

"ሁለቱም አፈሩ ወደ ታች መሄዱን ነው የሚናገሩት" አለች፣ ክፍል ውስጥ እንዳለች ሁሉ እጇን አንስታ። "ክሪፕ ዓይን የማያየው ነው። ሕፃን ዳዴ ሲል አይታችኋል? ከዚያም የዘገየ። ዓመት ሙሉ ሄዶ ጣት አይሞላም፤ መቃኑን እየገፋ በሮቻችንን ሲያንቅ የኖረው እሱ ነው። ስላይድ ግን ተንዶ፣ ተንሸራቶ መምጣት ነው። መጣ ለማለት እንኳ ጊዜ አይሰጥም።"

"እንግዲያው የኛው ዳዴ ነው" አለ ጎረቤቷ ሾፌሩ። ልጆቹን ይዞ ሊሄድ መኪናው ላይ የጫነውን ፍራሽ መልሶ አወረደ። መምህርቷ ያንን አይታ ኮራች።

አሁን ግን ጫማዋ ውስጥ ውሃ እንደተኛ የበሩን መቃን አየች። በመቃኑና በግድግዳው መካከል ትናንት ጥፍር የማያስገባ ስንጥቅ ነበር። እጇን ሰደደች። መዳፏ እስከ አንጓዋ ገባ፤ ከወዲያ በኩል ቀዝቃዛ አየር ጣቶቿን ነካት።

"በሩ አልተቃናም" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "አንቆት የነበረው ነገር ነው የለቀቀው።"

ባሏ እጁን በእጇ ቦታ ከተተ። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ከዳገቱ በኩል አንዲት ጠጠር መጥታ ቆርቆሮው ላይ አረፈች፣ ተንከባለለች፣ ወደቀች። ሁለቱም ሌላ ይመጣ እንደሆነ አዳመጡ።

መምህርቷ ወደ አማቷ አልጋ ሄደች፤ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከዚያ አይወርዱም።

"እማማ፣ እንውጣ" አለቻቸው።

"ወዴት?"

"ለጊዜው ወደ ትምህርት ቤቱ።"

"ዳዴ ነው ያልሽኝ አንቺው አይደለሽ? እኔም ዳዴ ላይ ነኝ፣ አይቀድመኝም" አሉና ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳቡ።

የገዛ ቃሏ ተመልሶ ከአልጋው ጋር ሲያስራቸው አየች። ፈራች፤ ከዳገቱ ይልቅ ትናንት የተናገረችውን ፈራች።

"አጥፍቻለሁ እማማ። የቃላቱን ትርጉም ሳሳምር መሐንዲሱ መጨረሻ ላይ ያለውን ዋጥኩት። ለውጥ ካያችሁ አትጠብቁ ነው ያለው። ለውጡ ደግሞ መጥቷል።"

አሮጊቷ ዓይኗን ዓይኗን አዩዋት። አማች ምራቷን "አጥፍቻለሁ" ስትል በየቀኑ አትሰማም።

"በምን ልትወስዱኝ ነው ታዲያ? ታዝዬ አልሆንም፤ ዳሌዬ አይችልም።"

አናጺው መፍቻውን አነሳና የበሩን ማጠፊያ ብሎን መፍታት ጀመረ።

"አንተ! በሬን ምን ልታደርገው ነው?"

"ቃሬዛ፣ እማዬ። ይኼን ሁሉ ዓመት ስልገው የኖርኩት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም" አለ። ሊቀልድ ነበር፤ መፍቻው ግን ከብሎኑ ላይ ሁለቴ ተንሸራተተ። ወደ ሚስቱ ሳይዞር "ሾፌሩን ጥሪልኝ። ብቻችንን አንችላትም" አላት።

መምህርቷ በጭቃው ላይ እየተራመደች የምትለውን አዘጋጀች። ከየት ትጀምር? ዳዴ የሚል ልጅ አንድ ቀን ይቆማል ከሚለው ትጀምራለች። ከዚያ ስለ መቃኑ ትነግረዋለች። ይጠይቃታል፣ ታስረዳዋለች። ዳገቱን ላለማየት አንገቷን ደፍታ ነበር የምትሄደው።

የሾፌሩም በር ባሏ ደጋግሞ የላገው ነው። ከውጭ ካልገፉት፣ ከውስጥ ካልሳቡት አይከፈትም ነበር። በአንድ ጣቷ መታ አደረገችው።

በሩ በራሱ ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፣ ተከፈተ።

ሾፌሩ ከልጆቹ ጋር ትናንት ያወረደው ፍራሽ ላይ ቁርስ ይበላል። ቀና ብሎ ሲያያት ፊቱ ፈካ።

"ቲቸር! ግቢ፣ ግቢ። ዛሬማ በሩ እንኳ አከበረሽ።"

ያዘጋጀችው ማብራሪያ ሁሉ ከአፏ ጠፋ። ገባች፣ ጎንበስ ብላ ትንሿን ልጅ ከነቁራሿ ከፍራሹ ላይ አነሳቻት።

"ውጡ" አለች። ሾፌሩ "ለምን?" እያለ ሲነሳ፣ እሷ ልጅቷን ታቅፋ ደጁን አልፋ ነበር።