ወደ ጪጩ የሚመጡት ሽማግሌዎች

ሙሉጌታ ክፉ ነው ብሎ የሚጠረጥር ሰው አልነበረም። ዲላ ላይ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ረዳት መምህር ነው፤ ተማሪዎቹ ይወዱታል፣ አከራዩ ጠዋት ማታ ትመርቀዋለች፣ ትልቅ ሰው ሲያገኝ ወገቡ እስኪታጠፍ እጅ ይነሳል። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ነው መፍራት።

ጨዋታው የተጀመረው ተማሪዎች ሳሉ ነው። ሙሉጌታ፣ ይዲድያ፣ ቶሌራና መንበረ የሻይ ቤት ጠረጴዛ ከበው፣ ወረቀት ላይ ካርታ ስለው፣ ዳይስ የሚሉትን ባለ ቁጥር ጠጠር እየጣሉ ይጫወቱ ነበር። አንዱ አጫዋች ይሆናል፤ አገሩን፣ ንጉሡን፣ ሽፍታውን፣ ዝናቡን ሳይቀር የሚፈጥረው እሱ ነው። ሌሎቹ በዚያ አገር ውስጥ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው ይገባሉ፤ ይዋጋሉ፣ ይታረቃሉ፣ ሲቀናቸው ይሾማሉ። ያሰቡት ይሳካ አይሳካ የሚወስነው ዳይሱ ነው። አጫዋቹ ሁልጊዜ ሙሉጌታ ነበር፤ እስቲ ዛሬ ሌላ ሰው ይሞክር ሲባል ራሱን ያመዋል።

ተመርቀው ሲበታተኑ፣ ይዲድያ አዲስ አበባ፣ ቶሌራ ነቀምት፣ መንበረ ደግሞ እዚያው ጌዴኦ፣ ዱመርሶ በአንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሒሳብ ሠራተኛ ሆና ስትቀር፣ ለዚሁ ጨዋታ ተብሎ የተሠራ ድረ ገጽ ፈልጎ ያገኘላቸው እሱ ነው። ካርታው ስክሪኑ ላይ ይዘረጋል፤ ሁሉም የየራሱን ክብ ምስል በማውስ እየጎተተ ይሄዳል፤ ዳይሱም እዚያው ይጣላል። ኔትወርኩ ድምፅ ስለማይሸከም ንግግሩ ሁሉ በጽሑፍ ነው። አጫዋቹ ግን እዚያም ጌታ ነው። ካርታውን በጥቁር ጭጋግ ሸፍኖ ሲፈልግ ይገልጠዋል፣ የራሱን ዳይስ ደብቆ ይጥላል፣ በፈለገው ሰው ስም ይናገራል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሙሉጌታ ያቺን ገጽ ሲከፍት ደረቱ ይነፋ ነበር።

አንድ ቅዳሜ መንበረ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "ሙሌ፣ ዳይሱን ለምን ደብቀህ ትጥላለህ? የእኛን ሁላችንም እናያለን፣ ያንተን የምታየው አንተ ብቻ ነህ። ለሁላችንም ይታይ።"

ይዲድያ ደገፋት። ቶሌራም እውነቷን ነው አለ። ሙሉጌታ "ኧረ ችግር የለም" ብሎ የምትስቅ ቢጫ ምስል ላከላቸውና ዳይሱን ገለጠ። በዚያው ዕለት፣ ስንት ወር ሲያሳድገው የከረመው ንጉሥ በመንበረ ጦር ሞተ። ድሮ ቢሆን ደብቆ ጥሎ ያድነው ነበር። እሷም ደስታዋን አልደበቀችም፤ "አየህ፣ በግልጽ ሲሆን እንዲህ ነው" አለችው። ሙሉጌታ ስቆ ገጹን ዘጋ፣ ከዚያ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ቂም ያዘ። ለጨዋታ ብሎ ቂም የሚይዝ ሰው አለ ወይ ብሎ የሚገረም ካለ፣ ሰው አያውቅም ማለት ነው።

ይዲድያ በጨዋታው ውስጥ ዳኘው የሚባል ጎራዴኛ ነበር። ሙሉጌታ ሁለተኛ ዳኘው ፈጠረ፤ ያው ስም፣ ያው ምስል፣ ቁልፉ ግን በራሱ እጅ። ሌሎቹ ሳያዩ ለአንድ ሰው ብቻ መልእክት የሚላክበት መንገድ ነበር፤ እነሱ ሹክታ ይሉታል። በዚያ በኩል ሐሰተኛው ዳኘው ለመንበረ ሹክ ይላት ጀመር። መጀመሪያ ስለ ጦርነቱ፣ ቀጥሎ ስለ ጀግንነቷ። ኋላ ደግሞ "ጨዋታውን ተይው፤ አሁን የማዋራሽ እኔ ይዲድያ ነኝ" አላት።

መንበረ ይዲድያን ከተማሪነቷ ጀምሮ በልቧ ይዛው ነበር። ሙሉጌታ ይህን ያውቃል፤ እንደ ወንድም አምና የነገረችው ራሷ ናት። ስልክ እንደዋወል ስትል፣ "ሽማግሌ ሳልልክ በስልክ መንሾካሾክ ለእኔ ነውር ነው፤ እኔ አንቺን በወጉ ነው የምፈልግሽ። እስከዚያ በጓደኞቻችን ፊት ምንም እንዳልነበረ እንሁን" አላት። መንበረ ይህን ለቤተሰቦቿ ስታወራ አባቷ አቶ ገበየሁ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ "የጨዋ ልጅ" አሉ። ከሰሜን ሸዋ መጥተው ዲላ አጠገብ፣ ጪጩ ላይ ሱቅ ከፍተው ዕድሜያቸውን የገፉ ሰው ናቸው፤ ያለ ወግ የሚሆን ነገር አይወዱም። እናቷ ወይዘሮ ሙሉእመቤት ደግሞ ልጅሽ ለምን አላገባችም ለሚል ጎረቤት መልስ መስጠት አንገሽግሿቸው ነበር። በደስታ አለቀሱ።

ሙሉጌታ በዚያው ሹክታ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ፈጠራቸው። ጡረታ የወጣ ሻምበል፣ ቀልድ የሚወዱ ቄስ፣ የልጁ አጎት። እሁድ ሊመጡ ተቆረጠ። የሚሆነውንም አስቦታል፦ እሁድ ማንም አይመጣም፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዲድያ ምንም ሳያውቅ እንደምን ሰነበታችሁ ይላል፤ መንበረም በሰው ፊት ምንም አይባልምና ተቃጥላ ዝም ትላለች። ያቺን ዝምታ ስክሪኑ ላይ ለማየት ነበር የጓጓው።

ቅዳሜ ጠዋት አቶ ገበየሁ ደወሉለት።

"ልጄ ሙሉጌታ፣ የመንበረ አባት ነኝ። ልጁን በቅርብ የምታውቀው አንተ ነህ አሉ። እኛ ዘመዱን አናውቅም፣ አገሩን አናውቅም። ነገ ከእኛ ጎን ተቀመጥና ስለ ልጁ መስክርልን።"

እምቢ ቢል ይጠረጠራል። ይህ ሰበብ ነበር እንጂ እውነቱን ለመናገር እምቢ ማለትም አልፈለገም። ቀርቦ ሊያይ ፈለገ።

እሁድ ጪጩ ሲደርስ ግቢው ተጠርጎ፣ ከየጎረቤቱ ወንበር ተሰብስቦ፣ ከጓዳ የዶሮ ወጥ ይሸታል። ከአቶ ገበየሁ ጎን ጎረቤታቸው አቶ ይርጉ ተቀምጠዋል፤ የጌዴኦ ሰው ናቸው፣ ቡና ነጋዴ፣ የሚሠሩበት ፒክአፕ በር ላይ ቆሟል። መንበረ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ጸጉሯን ተሠርታ ወጣች። ሙሉጌታን ወደ ጎን ሳብ አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"መምጣትህ ደስ ብሎኛል። በዚያ በዳይሱ ነገር የተቀየምከኝ መስሎኝ ከርሜያለሁ። ይቅር በለኝ፣ እሺ? ዛሬ ሆዴ ውስጥ ምንም እንዲቀር አልፈልግም።"

"የምን ቂም አመጣሽ" አላት። እዚያችው ላይ ቢናገር ኖሮ ነውሩ በሁለቱ መካከል ያልቅ ነበር። ዓይኑን በጨው አጥቦ ገብቶ ተቀመጠ።

ሰዓቱ ገፋ። ማንም አልመጣም። ወይዘሮ ሙሉእመቤት ከጓዳ ብቅ እያሉ በሩን ያያሉ፤ ሙሉጌታ ደስ ሊለው ሲዘጋጅ አቶ ገበየሁ ወደ እሱ ዞሩ።

"እስቲ ደውልላቸው፣ የት ደርሰዋል?"

ወጣ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ፣ ለማንም ሳይደውል ብቻውን አወራ፣ ተመለሰ። "ደወልኩላቸው። ሐዋሳን አልፈዋል" አለ። አልመጡም፣ ቀርተዋል ማለት ይችል ነበር፤ የሚፈልገውም ይኸው ነበር። ግን ሁሉም አፍ አፉን ሲያዩት ምላሱ የለመደውን ሠራ።

ቤቱ በራ። አንዱ ሳቀ፣ አንዷ እልል ልትል ስትል ዝም አሰኟት። ሙሉጌታ በዕድሜው እንዲህ ያለ አድማጭ አግኝቶ አያውቅም። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ወጥቶ ተመለሰና፣ "አፖስቶ ደርሰዋል፤ ቄሱ ሻይ ካልጠጣሁ ለማንም ልጅ አልለምንም ብለው አስቁመዋቸዋል" አለ። ሰዉ በሳቅ ፍርስ አለ።

"ማን ነው የሚነዳላቸው?" አሉ አቶ ገበየሁ።

"ራሱ ይዲድያ ነው። እነሱን እዚህ አድርሶ እሱ ዲላ ሆቴል ይጠብቃል።"

ከጓዳ በር ላይ የቆመችው መንበረ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ዲላ ማለት እዚህ ጥግ ነው፤ ልጁ ዛሬ ማታ እዚህ ጥግ ሊያድር ነው። ደስታዋ ሙሉጌታን ቆጠቆጠው። ይህችን ደስታ የሰጣት እሱ ራሱ መሆኑ ደግሞ የበለጠ አበሳጨው።

ቀጥሎ ጩኮ አደረሳቸው። ያን ጊዜ ነው መንገዱ እያለቀበት መሆኑ የታወቀው። በድረ ገጹ ላይ ቢሆን ካርታውን ያስረዝመዋል፣ ተራራ ይጨምራል፣ በጭጋግ ይሸፍነዋል። ከጩኮ ዲላ፣ ከዲላ ጪጩ ግን ያለው መንገድ ሁሉም የሚያውቀው ነው። ወጥቶ ተመለሰና ጎማ ተንፍሶባቸው ቆመዋል አለ።

አቶ ይርጉ ቁልፋቸውን አንስተው ተነሡ። "ጎማ ብቻ ነው? ጩኮ እኮ ቅርብ ነች። እኔ መኪና አለኝ፣ ሄጄ አመጣለሁ እነሱን። ሽማግሌ መንገድ ላይ አይቆምም።"

"ይጠብቁ" አለ ሙሉጌታ፤ ድምፁ ቀጥኖ ወጣ። "ልደውልና ልጠይቃቸው።"

ግቢው ጥግ፣ ከእንሰቱ ሥር ቆመ። ስልኩ ጆሮው ላይ ነው። ዞር ብሎ ሲያይ ሁሉም በር ላይ ወጥተው እየጠበቁት ነበር። ቀርተዋል ቢል፣ እስካሁን ከማን ጋር ስታወራ ነበር ይባላል፤ ስልኩን አምጣ ይባላል። ተጫዋቾቹ ካርታ ወዳልሠራለት ቦታ ሲሄዱበት ሁልጊዜ የሚያደርጋት አንዲት ነገር ነበረችው። አንድ ሰው ይገድላል። ሐዘን ሲመጣ ሰው መጠየቁን ይተዋል።

ስልኩን ቀስ ብሎ ከጆሮው አወረደ። ፊቱን ማስተካከል እንኳን አላስፈለገውም፤ ከፍርሃቱ የተነሳ አመድ መስሎ ነበር።

"ተገልብጠዋል" አለ። "ስልኩን ያነሳው መንገደኛ ነው፤ ጎማው ተቀይሮ ሲነሡ... ገደል ገብተዋል።"

ከዚያ መንበረ ሰዉን እየከፈለች መጣችና ክንዱን ያዘችው።

"ይዲድያስ?"

ደህና ነው ማለት ይችል ነበር። ደህና ነው ቢል ግን ስልኩን ስጠኝ፣ ድምፁን ልስማ ትለዋለች። የሞተ ሰው ስልክ አያነሳም።

"አልተረፈም" አላት። "ማንም አልተረፈም።"

መንበረ አልጮኸችም። መጀመሪያ ያልገባት መስላ ፊቱን አየችው፤ ከዚያ ሁለት እጇን አንስታ ጠዋት የተቀባችውን ፊቷን ከግንባሯ እስከ አገጯ ነጨችው። ጩኸቱ የመጣው ከእናቷ ነው። ጩኸቱን ሰምቶ ጎረቤቱ ጎረፈ፣ ገበያው ጎረፈ፤ ጪጩ ላይ ለቅሶ ሲሰማ ቤቱ የሚቀር የለም። ሴቶቹ የማያውቋቸውን ሽማግሌዎች በየስማቸው እየጠሩ ደረታቸውን መቱ። ቀልደኛው ቄስ ይባላል፣ ሻምበሉ ይባላል። ሙሉጌታ ከሰጣቸው ቃል አንዲት እንኳን መሬት አልወደቀችም።

አቶ ገበየሁ ኮታቸውን አውልቀው ጣሉና ጋቢያቸውን እንደ ሐዘንተኛ ለበሱ።

"የእኔን ደጅ ሊረግጡ ሲመጡ ነው የሞቱት" አሉ። እንባቸው ሪዛቸው ላይ ይወርዳል። "አማቾቼ ናቸው። ሬሳቸው ሜዳ ላይ አያድርም፣ እኔ ነኝ የማነሳው። ልጁንም እኔ ነኝ አልቅሼ ለእናቱ የማደርሰው።"

"ጋሼ፣ ፖሊስ... ፖሊስ ደርሶላቸዋል አሉ፤ ቢቆዩ" አለ ሙሉጌታ። ማንም አልሰማውም። የሰማው ቢኖርም ሐዘን አናቱ ላይ ወጥቶበት ነው ብሎ ትከሻውን መታ መታ አድርጎት አለፈ። ዶሮ ሊበላበት የተነጠፈው ጠረጴዛ ወደ ጎን ተገፍቶ፣ ሬሳ መጠቅለያ የሚሆን አንሶላ ከየቤቱ መጣ። ፒክአፑ ከኋላው በሰው ሞላ። አንድ ኤፍኤስአር የጭነት መኪናም ከገበያው ዞሮ መጣና ባለመኪናው ለነዳጅ አልጠይቅም አለ።

ሙሉጌታ ወደ አጥሩ በር ማፈግፈግ ጀምሮ ነበር። አቶ ይርጉ ክንዱን ያዙት።

"አንተ ከፊት ነው የምትቀመጠው" አሉት። "የወደቁበትን የምታውቀው አንተ ነህ።"

በሩን ከፍተው ጋቢናው ውስጥ አስገቡት። መንበረን ደግሞ ደግፈው አምጥተው በእሱና በሾፌሩ ቦታ መካከል አስቀመጧት። ከፊቷ የሚወርደው ደም አዲሱን ቀሚሷን አበላሽቶታል። ጭንቅላቷን ትከሻው ላይ ጣለች፣ እጁን ፈልጋ ያዘችው።

"የሚያውቀው ሰው አብሮን ባይኖር ምን እንሆን ነበር" አለችው።

አቶ ይርጉ ሞተሩን አስነሡ። ዲላን አለፉ። ከተማው ሲያልቅ፣ መንገዱ በቡናው መሐል ወደ ጩኮ ሲቀጥል፣ አቶ ይርጉ ፍጥነታቸውን ቀነሱና ወደ ሙሉጌታ ዞሩ።

"እንግዲህ ግራ ቀኙን እያየህ ንገረኝ" አሉት። "የቱ ጋ ነው?"