አሥራ አንድ ምላጭ

ኢንሺራህ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከትራም ወርዳ የሕክምና ትምህርት ቤቱን ደረጃ ወጣች። መስኮቱን ከፍታ የባሕሩን ንፋስ አስገባች፤ በአንገቷ ባንጠለጠለችው ቁልፍ የላቦራቶሪውን የብረት ቁም ሣጥን ከፈተች። በውስጡ ያለው ሁሉ በስሟ ፈርማ የተረከበችው ነው፤ አንድ ነገር ቢጎድል የምትጠየቀው እሷ ናት። ስለዚህ በየጠዋቱ ትቆጥራለች። ከብረት ክር የተሠራው ጓንት፣ አንድ። ስለታም ነገር የሚጣልበት ቢጫ ሣጥን፣ አንድ፣ ገና ከላስቲኩ ያልወጣ። ምላጭ፣ አሥራ አንድ።

ደግማ ቆጠረች። አሥራ አንድ። አሥራ ሁለተኛው፣ ከበሽተኛ የተወሰደ ሥጋ በሰም ተጋግሮ ለምርመራ እየሳሳ የሚላጥበት ማሽን ላይ መሆን ነበረበት። ማሽኑ ምላጭ የለውም።

“እመቤቴ፣ ዛሬስ ጨረቃንም ቆጥረሻት ነው የመጣሽው?” አለ ሹክሪ ከበሩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሯት ሲሠራ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው፤ ሳይቀልድ ገብቶ አያውቅም። ቦርሳውን ማሽኑ አጠገብ ካለው ምስማር ላይ በግራ እጁ ሰቀለ። ቀኝ እጁ ከጋወኑ ኪስ አልወጣም።

ሹክሪ ግራኝ አይደለም። ኢንሺራህ ይህን ልብ አለች።

“ትናንት ማሽኑ ላይ የነበረው ምላጭ የታለ?”

“እኔ ምን አውቃለሁ? መቼም ጢሜን አልተላጨሁበት” ብሎ የጎፈረ ጉንጩን አሳያት።

አልሳቀችም። ከትራሙ ሐዲድ ማዶ፣ በአንድ የግል ላቦራቶሪ ማታ ማታ እንደሚሠራ ታውቃለች።

“ማዶ ያሉት ሰዎችህ ምላጭ አልቆባቸዋል መሰለኝ።”

የሹክሪ ፊት ጠቆረ። “እንዲህ ነው ለካ?”

“ቦርሳህን ክፈት።”

አወረደውና በአንድ እጁ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። ፉል የተሞላ ዳቦ፣ መነጽር፣ አንድ ራስ ሽንኩርት። ሽንኩርቱ ተንከባሎ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ያነሳው የለም።

“ኪስህስ?”

ቀኝ እጁን አወጣ። ሁለት ጣቶቹ በፋሻ ተጠቅልለዋል፤ በፋሻው ላይ ደም ደርቋል።

“ትናንት መብራት ጠፋ አይደል? ማሽኑ ቆመ። ምላጩን ላወልቅ እጄን ሰደድኩ፤ መብራት መጣ።”

“ሶኬቱን ሳትነቅል?”

“መብራት ከጠፋ ወዲያ ምን ይነቀላል ብዬ! ጓንቱን ስጪኝ ስልሽስ ምን ነበር ያልሽኝ?”

አልረሳችውም። ‘ቢጠፋ አንተ ትጠየቅልኛለህ?’ ነበር ያለችው።

“ለምን ደበቅከኝ ታዲያ?”

“ትጽፊብኛለሽ ብዬ ነዋ።”

“ምላጩስ?”

“ቢጫው ሣጥን አንቺ ዘንድ ተቆልፎበታል። በጋዜጣ ጠቅልዬ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት።”

ሁለቱም ወደ ቅርጫቱ ዞሩ። ባዶ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ኡም ወጊህ በማለዳ ትገለብጠዋለች። ጋዜጣ ካገኘች ደግሞ እንደማትጥለው ሕንጻው ሁሉ ያውቃል፤ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በመዳፏ ታቃናና ፈላፈል ጠብሳ ለምትሸጥ ጎረቤቷ መጠቅለያ እንዲሆን ታከማቻለች።

ደረጃውን እየተጋፉ ወረዱ። ኡም ወጊህ ምድር ቤት፣ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ተቀምጣለች። ጥቅሉ ጉልበቷ ላይ ነው፤ መዳፏ ከላዩ።

“እጅሽን አንሺ!” ብላ ጮኸች ኢንሺራህ።

“በነቢዩ ይሁንብሽ፣ ምን ሰረቅኩ? ጋዜጣ እኮ ነው!”

ኢንሺራህ ተንበርክካ ወረቀቱን በጫፉ ገለጠችው። ምላጩ ብልጭ አለ። ኡም ወጊህ እሱን አየች፤ ከዚያ መዳፏን አገላብጣ አየች።

“እኔ ደግሞ ዓሣ በልታችሁ አጥንቱን የጠቀለላችሁበት መስሎኝ” አለች ቀስ ብላ።

ኢንሺራህ ሪፖርቱን በዚያው ቀን ጻፈች፤ ጥፋተኛ በሚለው መስመር ላይ የራሷን ስም አሰፈረች። ከሶኬቱ በላይ “መብራት ቢጠፋም ይነቀል” ብላ በቀይ ጽፋ ለጠፈች። ቢጫውን ሣጥን ከማሽኑ ሥር አስቀመጠች፤ ጓንቱንም የሹክሪ ቦርሳ ይሰቀልበት በነበረው ምስማር ላይ ሰቀለችው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ምስማሩ ላይ ቦርሳ አይሰቀልም። ሹክሪ አሁን ቦርሳውን ምድር ቤት፣ ኡም ወጊህ ዘንድ ትቶ ነው የሚወጣው። ጠዋት ጠዋት ቆጠራው ይሞላል። ቦርሳው የለም።