ለልጄ ስል ወደቅኩ

ዕድሜዬን ሙሉ በጥብቅና ስኖር የሰው ውሸት ሳፈርስ ነው የኖርኩት። ዓይኑን በጨው አጥቦ የሚምለውን ምስክር ስንቱን አንገቱን አስደፍቼ ወደ መቀመጫው መልሼዋለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ግን የገዛ ልጄ የሐሰት ምስክር አደረገችኝ፤ ያውም በስልክ።

ልጄ መነጽር ቤት ነው የምትሠራው። ሌንስ እየሞረደች ከፍሬሙ ጋር ታገጥማለች። ቀኑን ሙሉ የምታገኘው ሰው ወይ ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ ነው፣ ወይ እናቱ እየጎተተች ያመጣችው ተማሪ። ሠላሳዎቹን አጋምሳለች። ይህ ሁሉ ሕዝብ በሚተራመስበት ከተማ የሚሆናትን አንድ ሰው ስልኳ ላይ ፎቶ በጣቷ እየገፋች ትፈልጋለች። እኔ ይህን ነገር አልወደውም፣ አልደብቅምም። ሰው እንደ ሸሚዝ ተሰቅሎ ይህኛው ሰፋ፣ ያኛው ጠበበ የሚባልበት ገበያ ነው። እንዲህ ስላት፣ "እና የት ላግኘው እማዬ? ሊፍት ውስጥ?" ትለኛለች። ይብስ እናደዳለሁ።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ የማምለጫ ስልክ የሚሉት ነው። ልጄ አዲስ ሰው ልታገኝ ስትሄድ፣ ተቀምጠው ጥቂት እንደቆዩ የአክስቷ ልጅ ትደውልና ቤት ሰው ታመመ ትላታለች። ሰውየው የማይረባ ከሆነ ልጄ "መጣሁ" ብላ ትነሳለች። የሚረባ ከሆነ "ነገ እንነጋገር" ብላ ትዘጋለች። እስከምነግራችሁ ቀን ድረስ "ነገ እንነጋገር" ብላ አታውቅም። አንዱ ምሳውን በልቶ እስኪጨርስ ስለ ፈታት ሚስቱ አወራላት። አንዱ ፎቶው ላይ የነበረውን ፀጉር ቤት ረስቶት መጣ። አንዱ አፏን ሲያይ ቆይቶ "የታችኛው ጥርስሽ ትንሽ ጠመም ብሏል" አላት፤ የጥርስ ሐኪም እንኳ አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የአክስቷ ልጅ ሥራ ገባች። ልጄ ከመስታወቱ ፊት ሆና፣ "እማዬ፣ ዛሬ የምትደውይው አንቺ ነሽ" አለችኝ።

"እኔ? የሐሰት ምስክርነት በሕግ ያስጠይቃል።"

"ፍርድ ቤት አይደለም እኮ፣ ምግብ ቤት ነው።"

"ሰውየው ሥራው ምንድነው?"

"አልነግርሽም። ከነገርኩሽ ገና ሳታዪው ክስ ትመሠርቺበታለሽ።"

ሸሚዟን ቀይራ ወጣች፣ ከበሩ ተመልሳ ደግሞ ቀየረች። ከዚያ የጫማዋን ማሰሪያ እያጠበቀች፣ ሳታየኝ፣ "ይሄኛው ሳወራ አያቋርጠኝም። እንዳታበላሺብኝ" አለች።

"ታዲያ ለምን እደውላለሁ?"

"የባለፈውም በስልክ ጥሩ ነበር።"

እንዲህ ስትለማመጠኝ ሰምቻት አላውቅም። እሺ አልኳት።

ሰዓቱ ሲደርስ ደወልኩ። ሐሰተኛ ምስክር የሚወድቀው ነገሩን በደፈናው ስለሚያወራ መሆኑን አውቃለሁ። "አመመኝ" ማንም ይላል። እኔ ግን ከሠራሁ አይቀር በደንብ ልሥራ ብዬ፣ "ልጄ፣ መታጠቢያ ቤት አዳልጦኝ ወደቅኩ። ጭንቅላቴ የገንዳውን ጠርዝ መታው። ትንሽ ራሴንም ሳልስት አልቀረሁም" አልኳት። ድምፄንም ደከም አደረግኩት። አኮራኝ ማለት ይቻላል።

ምግብ ቤቱ ጫጫታ ስለነበር ልጄ የስልኳን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍታው ኖሮ ሰውየውም ይሰማኛል። እሷ ሳትመልስ የወንድ ድምፅ ገባ። "እናቴ፣ አስመልሶዎታል?"

ይህ ደግሞ ማነው፣ በሰው ስልክ ጥልቅ የሚል! ደሜ ፈላ። ከመናገሬ በፊት "ካሉበት እንዳይነሱ፣ መጣን" አለና ስልኩ ተዘጋ። "መጣሁ" የለ፣ "ነገ እንነጋገር" የለ። "መጣን" የሚባል ቃል በውላችን ውስጥ አልነበረም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ምን አማራጭ ነበረኝ? ሻሼን ግንባሬ ላይ ጠምጥሜ፣ ከነቀሚሴ አልጋ ውስጥ ገባሁ። ደረጃውን እንዴት እንደወጡት አላውቅም፣ በሩ ተበርግዶ ትከሻው ሰፊ የሆነ ሰው አልጋዬ አጠገብ ተንበረከከ። ልጄ ከኋላው ቆማ ዓይኗ ሊወጣ ደርሷል።

"እማዬ፣ እሱ... ነርስ ነው። አምቡላንስ ላይ ነው የሚሠራው።"

ምላሴን በቆረጠው። በዚህ ሁሉ ሚሊዮን ሕዝብ ውስጥ!

የስልኩን መብራት ዓይኔ ላይ አበራ። "ዛሬ ቀኑ ምንድነው?"

"ቅዳሜ።"

"የልጅዎ ስምስ?"

"እስካሁን አልነገረችህም እንዴ? እሷን ጠይቃት።"

ወደ ልጄ ዞረ። "ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ይነጫነጫል።"

"እሷ ሳትመታም እንዲህ ናት" አለች ልጄ።

ያ ጥሩ ምስክርነቴ ጉድ አፈላ። ሰውየው ጥያቄ አላበዛብኝም፣ አመነኝ። ራሷን ስታ ከነበረ በሐኪም ሳትታይ ማደር የለባትም አለና ስልኩን አንስቶ የሥራ ባልደረባውን ጠራ። "መኪና አለህ?" አለ። መልሱን ሰማና፣ "አንድ ብቻ? በቃ እሱን ላክልኝ።"

አንድ ብቻ። ይህን ስሰማ ብርድ ልብሱ ከበደኝ። የሆነ ደረጃ ላይ በእውነት የወደቀች አንዲት ሴት ታየችኝ፤ መኪናውን ስትጠብቅ መኪናው እኔን ሊወስድ ሲመጣ። ወደ ልጄ ብመለከት ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች። ከተናገረች ሰውየው ይሄዳል። ዝም ካለች ደግሞ ከመሄዱም የባሰ ነገር ይመጣል። ያን ጊዜ ነው ተነስቼ የተቀመጥኩት።

"ስልኩን ዝጋ። አልወደቅኩም" አልኩ። "ልጄ የምታውቀው ነገር የለም። ከተማው በሙሉ ቀማኛ ሆኖ ቢታየኝ እኔው ፈራሁ፣ ከአንተ ላስጥላት ብዬ በራሴ ዋሸሁ። የምትቆጣው እኔን ነው።"

ሁለተኛውን የሐሰት ቃሌን የሰጠሁት እንዲህ ነው። የመጀመሪያውን ያህል አላማረልኝም።

"አይደለም" አለች ልጄ። "እኔ ነኝ ያስደወልኳት። አዲስ ሰው ሳገኝ ሁልጊዜ አስደውላለሁ። አንተን ሳላውቅህ ያዘጋጀሁት ነው።"

"አንቺ ዝም በይ፣ ላድንሽ እየሞከርኩ ነው" አልኳት።

"ተይ እማዬ።"

ሰውየው መጀመሪያ ስልኩ ላይ፣ "ተወው፣ ሌላ ቦታ ላከው" አለ። ከዚያ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ቀልቷል። አንድ ሰው ሊቆጣ ሲል አውቃለሁ፤ ሙያዬ ነበር። መሬት መሬቱን እያየ፣ "እንድሄድልሽ ነበር የተደወለው?" አላት።

"ጥሩ ካልሆንክ መጣሁ እላታለሁ። ጥሩ ከሆንክ ነገ እንነጋገር እላታለሁ።"

"ዛሬስ?"

"ነገ እንነጋገር ልላት አፌን ስከፍት አንተ ኮትህን አንስተህ በሩ ጋ ደርሰህ ነበር።"

እኔ በሕይወቴ ስንት ፍርድ ስጠብቅ ኖሬያለሁ፣ እንደዚያ ትንፋሼን ይዤ የጠበቅኩት ግን ትዝ አይለኝም። ሰውየው ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አደረገና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

"መንገዱን በሙሉ ምን እንደማገኝ እያሰብኩ ነው የመጣሁት" አለ። "የምገባበት ቤት ሁሉ ከተነገረኝ ብሶ እንጂ ተሽሎ አግኝቼው አላውቅም። ልቆጣ ብዬ ነበር። ደህና ሰው ሳይ ግን ደስ አለኝ፣ ምን ላድርግ?"

ልጄ ወለሉ ላይ ዘፍ አለች። መጀመሪያ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፣ ሳቅ ነው። ሳቋ ሲመጣ የእኔም አንጀት ቅቤ ጠጣ።

"ሌላ ጊዜ ግን ጭንቅላት አይንኩ" አለኝ ሰውየው፣ አሁን ጠበቅ አድርጎ። "ሆድ ቁርጠት ይበሉ። ለሆድ ቁርጠት መኪና አንልክም።"

"ሆድ ቁርጠት ማን ያምናል? ደካማ ማስረጃ ነው።"

"ማመን አይደለም እኮ የሚፈለገው፣ ከጠረጴዛው መነሳት ነው።"

"ካልታመነ ማን ይነሳል?"

"እኔ ባላምንም እነሳ ነበር።"

ክርክሩ ጣመኝ። ሻሼን ከግንባሬ ፈትቼ፣ "ለመሆኑ ለልጄ ምን አስበህላታል?" አልኩት።

"እናቴ፣ ገና እራታችንን እንኳ አልበላንም። ያዘዝነውን ትተን ነው የወጣነው። መጀመሪያ እሱን እንጨርሰው።"

ሌላ ጥያቄ ነበረኝ፤ ብዙ ጥያቄ ነበረኝ። ልጄ ግን ከወለሉ ተነስታ ጉንጬን ሳመችኝና እጁን ይዛ አወጣችው።

መስኮቱ ጋ ሄጄ ወደ ታች አየሁ። ማቋረጫው ላይ ቆመዋል። የእግረኛው መብራት አረንጓዴ ሆነ፣ ሰው ሁሉ ተሻገረ፣ እነሱ ግን ፊት ለፊት ቆመው እያወሩ ቀሩ። ከኋላ የመጣ አንድ ጎረምሳ መንገድ ዘጋችሁ ብሎ ገፍቷቸው አለፈ። መስኮቱን ከፍቼ ልክ ልኩን ልነግረው አልኩና ተውኩት። እነሱ እንኳን አላዩትም።