የቆዳ ካርድ፣ የአጥንት ካርድ

የእህቴ ልጅ አጥንቷ ቢቆረጥ ትድናለች ወይስ በከንቱ ትጎዳለች? ዛሬ ጠዋት ይህን ለመጠየቅ እንኳ አላሰብኩም ነበር፤ መልሱን አሁንም አላውቅም።

ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከአንገቷ ሥር ወደ ትከሻዋ የሚሄደው አጥንት ካበጠ ስድስት ወር ሆነው። ከዋጠችው የጀርም መድኃኒት ጠብ ያለላት ነገር የለም፤ ስለዚህ የአጥንት ሐኪሙ ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ያበጠውን ቆርጦ ሊያወጣው ነበር። እኔ እዚያው ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ከሕመምተኞች የተወሰደ ናሙና በማይክሮስኮፕ እመረምራለሁ። ሕመምተኞቹን አላያቸውም።

ጠዋት ልጠይቃት ወደተኛችበት ክፍል ስገባ እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከታለች።

«ምን ሰርቀሽ ነው?» አልኳት።

ስቃ አወጣቻቸው። መዳፎቿ መግል በቋጠሩ ቢጫ ነጠብጣቦች ተሞልተዋል።

«የሳሙና ነው» አለች እህቴ። «ማዶ ሕንፃ ያለው የቆዳ ሐኪም ቅባት ሰጥቷታል። ካርዱም ከአጥንቱ ለብቻ ነው።»

«የአጥንት ሐኪሙስ አይቶታል?»

«አንተ ደግሞ፣ ለአጥንት ሐኪም ቆዳ ይታያል? ባሕር ማዶ ያስተማሩህ ይሄን ነው?»

«እሱ ሲመጣ ብርድ ልብስ ውስጥ ነው የምደብቃቸው» አለች ልጅቱ። «ክፍል ውስጥ እንቁራሪት ይሉኛል።»

መዳፎቿን ደግሜ አየኋቸው። ተማሪ ሳለሁ እንዲህ ያለ መዳፍ በፎቶ አሳይተውን ነበር፤ ያለ ምንም ጀርም በጉርምስና ዕድሜ ያሉ ልጆችን ቆዳና አጥንት አብሮ የሚያስቆጣ፣ እምብዛም የማይገጥም በሽታ። ቁጣውን በሚያበርድ ሌላ መድኃኒት ይታከማል እንጂ አይቆረጥም። አንድም ሕመምተኛ ግን አይቼ አላውቅም።

ወደ ላቦራቶሪ ወረድኩ። ናሙና የሚመጣልን በቁጥር እንጂ በስም አይደለም። ከአጥንቷ ተወስዶ የነበረውን ናሙና ቁጥር ፈልጌ አገኘሁት፦ «የአጥንት ኢንፌክሽን» ይላል፤ ከሥሩ ያለው ፊርማ የኔ ነው። ያኔ ካንሰርም ጀርምም አላየሁም። ጀርሙን መድኃኒቱ ገድሎት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ስለ መዳፏ የጻፈልኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ናሙናው ያለበትን መስታወት በማይክሮስኮፕ ደግሜ አየሁት፤ ለሦስተኛ ጊዜም። አሁን ብሳሳትስ? ቀዶ ጥገናውን አስቀርቼ መግሉ ወደ ደሟ ቢገባስ? እንዲህ ስል ሰባት ሰዓት አለፈ።

እየሮጥኩ ወደ ክፍሏ ወጣሁ። አልጋው ባዶ ነው።

«ከሷ በፊት ተራ የነበረው ሰውዬ ቀረ ብለው አስቀድመው ወሰዷት» አለች እህቴ። «ምነው፣ ፊትህ አመድ መሰለ?»

የቀዶ ጥገናውን ክፍል በር ደበደብኩ፤ የሚከፍት የለም። ለአጥንት ሐኪሙ በስልክ ጻፍኩለት፦ «እባክዎ አይቁረጡ። መጀመሪያ መዳፏን ይዩት። የላቦራቶሪው ውጤት የኔ ስህተት ነው።»

ላክሁት። አሁን ዐሥር ሰዓት ሆኗል። ስልኩ ዝም ብሏል፤ በሩም አልተከፈተም።